ውሃው ሳይጠራ የመጣ ቢል

በጃንዋሪ 2014 ሁለተኛ ሳምንት የአየርላንድ ብሔራዊ ሬዲዮ በጠዋት ፕሮግራሙ አንድ እንግዳ አቀረበ። እንግዳው ጆን ቲየርኒ ነበሩ። ቀደም ሲል የደብሊን ከተማ ሥራ አስኪያጅ የነበሩ፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ አይሪሽ ወተር የተባለውን አዲስ የመንግሥት የውሃ ድርጅት የሚመሩ ሰው ናቸው። ድርጅቱ የአገሪቱን የውሃና ፍሳሽ ሥራ ከአካባቢ ምክር ቤቶች ከተረከበ አሥር ቀን እንኳ አልሞላውም። ጋዜጠኛው ስለ ማቋቋሚያው ወጪ ሲጠይቃቸው፣ ባለፈው ዓመት ብቻ ለአማካሪ ድርጅቶች 50 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ መውጣቱን ተናገሩ።

ያች አንዲት ቁጥር አገር አዳረሰች። በቀጣዮቹ ቀናት ኃላፊዎቹ በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ሲጠየቁ፣ የአማካሪዎቹ ጠቅላላ ሂሳብ ከዚያም እንደሚበልጥና ወደ 85 ሚሊዮን ዩሮ እንደሚጠጋ ታወቀ። የገንዘቡ ትልቁ ክፍል የሄደው ደንበኛ ለመመዝገብ፣ ቢል ለማውጣትና ሂሳብ ለመያዝ ለሚያስፈልገው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ውሃ የሚያፈስ አንድ ቧንቧ ሳይቀየር፣ አንድ ማጣሪያ ጣቢያ ሳይታደስ፣ ገንዘብ መሰብሰቢያው ተዘጋጅቶ አለቀ። ሕዝቡ ነገሩን የተረዳው እንደዚህ ነበር። እኔም ሰነዶቹንና የዘመኑን ክርክር ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ሕዝቡ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም።

በአዲስ አበባ ቆጣሪ አንባቢ በየጊዜው በሩን የሚያንኳኳበት፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣለትና ለክፉ ቀን ሮቶ የሚሞላ አንባቢ ይህን ታሪክ ሲሰማ መጀመሪያ ግራ ሊጋባ ይችላል። የውሃ ሂሳብ መክፈል ምን ያስቆጣል? በአውሮፓ ከአየርላንድ በቀር ሁሉም ይከፍላል ማለት ይቻላል። አይሪሾች ግን በመቶ ሺዎች ሆነው አደባባይ ወጡ፣ ቆጣሪ ሊተከል ሲመጣ ጉድጓዱ ላይ ቆሙ፣ ታሰሩ፣ መንግሥት አዳከሙ፤ በመጨረሻም የከፈሉት ገንዘብ በቼክ ተመለሰላቸው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አየርላንድ ውስጥ የቤት ውሃ ለብቻው ተቆጥሮ የማይከፈልበት የረጅም ጊዜ ልማድ ነበር። ቤት ያለው ሁሉ ለአካባቢው ምክር ቤት የቤት ግብር ይከፍላል፤ ውሃውም፣ የመንገድ መብራቱም፣ ቆሻሻ ማንሳቱም ከዚያ ይሸፈናል። በ1977 ምርጫ ፊያና ፎል የተባለው ፓርቲ ይህን ግብር አስቀራለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ አሸነፈ፤ በማግስቱም አስቀረው። መራጩ ተደሰተ። የአካባቢ ምክር ቤቶች ግን ዋና ገቢያቸው ደረቀና የማዕከላዊውን መንግሥት እጅ ማየት ጀመሩ። ዛሬ መሬት ውስጥ የሚያፈሰው ቧንቧ ታሪክ አንዱ ምንጩ እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚተወው ከመሬት በታች ያለው፣ ማንም የማያየው ሥራ ነውና።

በ1983 መንግሥት ምክር ቤቶቹ ለውሃ እንዲያስከፍሉ በሕግ ፈቀደ። በተለይ በደብሊን በ1990ዎቹ አጋማሽ ክፍያው ሲጠናከር ሕዝቡ አልከፍልም አለ። ምክር ቤቶች የማይከፍሉትን ውሃ መቁረጥ ጀመሩ፤ የሰፈር ኮሚቴዎች ደግሞ የተቆረጠውን መልሰው የሚቀጥሉ ቧንቧ ሠራተኞች አሰማሩ፣ የተከሰሱትን በፍርድ ቤት የሚከላከል ገንዘብ አዋጡ። በ1996 በምዕራብ ደብሊን የማሟያ ምርጫ ሲካሄድ የዘመቻው መሪ የሆኑት ሶሻሊስቱ ጆ ሂጊንስ በ250 ገደማ ድምፅ ብቻ ተሸነፉ። መልእክቱ ለገዢዎቹ ፓርቲዎች ግልጽ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ክፍያው እንዲቀር ተወሰነ፤ ለአካባቢ ምክር ቤቶችም ማካካሻ እንዲሆን የመኪና ግብር ገቢ ተመደበላቸው። «ውሃውንማ በግብራችን እየከፈልንበት ነው» የሚለው ክርክር ከዚህ ነው የመጣው። በ2014 ሰልፍ የወጡት ሰዎች ይህን የፈጠሩት አልነበረም፤ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ከመንግሥት ጋር የተጨባበጡበት ጉዳይ ነበር።

በዚህ መሐል ውሃው ራሱ እየታመመ ነበር። በ2007 በምዕራብ አየርላንድ በጎልዌይ ከተማ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ጥገኛ ተውሳክ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ገባ። ይህ ተውሳክ ክሎሪን አይበግረውም። ውሃውን በደንብ በተሠራ አሸዋ ማጣሪያ ማሳለፍ ወይም በአልትራቫዮሌት ጨረር መምታት ያስፈልጋል፤ ከከተማዋ ጣቢያዎች አሮጌው ግን ይህን መከላከያ አልያዘም ነበር። ወደ 90,000 የሚሆኑ ሰዎች አምስት ወር ያህል ውሃ እያፈሉ ጠጡ። ዝናብ ዓመቱን ሙሉ በሚዘንብበት፣ በአየርላንድ ትልልቅ ከሚባሉት ሐይቆች አንዱ በደጃፉ በሚገኝ ከተማ ማለት ነው። ሮስኮመን በተባለው አውራጃ ያሉ መንደሮች ደግሞ ለዓመታት ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ በሚል ማስታወቂያ ኖረዋል።

ብዙ ሰው «ዝናብ በነጻ ይዘንባል፣ ታዲያ ምን ያስከፍላል?» ይላል። ዝናቡ በነጻ ነው፤ ከባድ የሆነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ለደብሊን ዋናው ውሃ የሚመጣው ከሊፊ ወንዝ ነው፤ ወንዙ ፖላፉካ ላይ ተገድቦ ባሊሞር ዩስታስ በሚባለው ጣቢያ ይጣራል። እዚያ ጭቃውን የሚያረጋ ኬሚካል ይገባበታል፤ የረጋው ይወገዳል፤ ቀሪው በአሸዋ ማጣሪያ ያልፋል፤ በመጨረሻ ክሎሪን ይጨመርበታል። ከዚያ በአገሪቱ ወደ 60,000 ኪሎ ሜትር በሚዘረጋ የቧንቧ መረብ ይሰራጫል፤ አንዳንዱ ቧንቧ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተቀበረ የብረት ቧንቧ ነው። አይሪሽ ወተር ሥራውን ሲረከብ ተጣርቶ፣ ኬሚካል ገብቶበት፣ በፓምፕ ተገፍቶ ከወጣው ውሃ ግማሽ ያህሉ ቤት ሳይደርስ መሬት ውስጥ ይቀር ነበር። የፍሳሹ ደግሞ ይብሳል። በባሕር ዳርቻ ያሉ ከአርባ በላይ ከተሞችና መንደሮች ያልታከመ ፍሳሻቸውን በቀጥታ ወደ ባሕርና ወንዝ ይለቁ ነበር። ጠቅላላው የውሃና ፍሳሽ ሥራ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ይጠይቅ ነበር። ከዚህ ላይ በቀጥታ ክፍያ የሚገኘው የንግድ ድርጅቶች የሚከፍሉት ብቻ ነው። ቀሪውን ግምጃ ቤቱ ይችላል።

ስለዚህ ከ34 የተለያዩ ምክር ቤቶች ሥራውን ወስዶ በአንድ ብሔራዊ ድርጅት ሥር ማድረግ የሚለው ሐሳብ በራሱ መጥፎ አልነበረም። እያንዳንዱ ምክር ቤት የየራሱን ካርታ፣ የየራሱን ፓምፕ፣ የየራሱን ጊዜያዊ ጥገና ይዞ ተቀምጧል። የትኛው ቧንቧ መቼ እንደተቀበረ በጽሑፍ ያልሰፈረበት ቦታ ብዙ ነበር፤ የሚያውቀው የሰፈሩ የውሃ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ጡረታ ሲወጣ እውቀቱም አብሮት ይወጣል። አንድ አገር አቀፍ ድርጅት የቱ ጣቢያ ቅድሚያ ያስፈልገዋል ብሎ መምረጥ፣ በጅምላ መግዛት፣ ለሃያ ዓመት ማቀድ ይችላል። መሐንዲሶቹ ለዓመታት ይህን ሲሉ ቆይተዋል። ችግሩ ሐሳቡ የቀረበበት ሰዓትና ያቀረበው እጅ ነው።

በ2008 የአየርላንድ ባንኮች ሲወድቁ መንግሥት ዕዳቸውን ዋስ ሆኖ ተሸከመ፤ ለባንኮቹ ማዳኛ በጠቅላላው 64 ቢሊዮን ዩሮ ወጣ። በኖቬምበር 2010 አገሪቱ ራሷ በአውሮፓ ኅብረትና በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሚደገፍ የ85 ቢሊዮን ዩሮ የማዳኛ ፕሮግራም ውስጥ ገባች። ከብድሩ ጋር በመጣው የማሻሻያ ሰነድ ውስጥ የቤት ውሃ ክፍያ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ የመጣውን አንድ ተራ አይሪሽ ቤተሰብ እንዴት እንደተቀበለው ማሰብ ቀላል ነው። ደመወዝ ተቀነሰ። በ2011 ሁለንተናዊ ማኅበራዊ ቀረጥ የሚባል አዲስ ግብር መጣ። በ2012 ለእያንዳንዱ ቤት የ100 ዩሮ ክፍያ መጣ። በ2013 የቤት ንብረት ግብር መጣ። ሥራ አጡ 15 በመቶ ደርሷል፤ ወጣቱ ወደ አውስትራሊያና ካናዳ እየተሰደደ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ነው የውሃ ቢል የመጣው።

ከዚህ የባሰው የቃል ጉዳይ ነው። በፌብሩዋሪ 2011 ምርጫ ዋዜማ ሌበር ፓርቲ በጋዜጣ ባወጣው ማስታወቂያ፣ ተቀናቃኙ ፊን ጌል ሥልጣን ቢይዝ በየቤቱ የ238 ዩሮ የውሃ ግብር እንደሚመጣ አስጠነቀቀ። ምርጫው አለቀ። ሌበር ከዚያው ከፊን ጌል ጋር ጥምር መንግሥት መሠረተ፤ ጥምሩም የውሃ ክፍያውን አመጣ። ማስታወቂያውን የቆረጡና ያስቀመጡ ሰዎች ነበሩ። በኋላ በሰልፎቹ ላይ ይዘውት ታይተዋል።

የአካባቢ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፊል ሆጋን በ2012 አዲሱ ድርጅት ቦርድ ጋስ በተባለው የመንግሥት የጋዝ ኩባንያ ሥር እንዲቋቋም አደረጉ። ምክንያቱ የጋዙ ኩባንያ ቢል ማውጣትና ቆጣሪ ማንበብ ያውቃል የሚል ነው። ከዚህ በስተጀርባ ግን ለተራው ዜጋ ያልተነገረ፣ ወይም በሚገባው ቋንቋ ያልተነገረ፣ ሌላ ስሌት አለ። እኔ የዚህ ታሪክ ቁልፍ እሱ ነው እላለሁ።

በአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ ሕግ መሠረት አንድ የመንግሥት ድርጅት ከሚያወጣው ወጪ ቢያንስ ግማሹን ለደንበኞቹ በሚያደርገው ሽያጭ ከሸፈነ፣ እንደ ንግድ ድርጅት ይቆጠራል። እንደ ንግድ ድርጅት ከተቆጠረ የሚበደረው ገንዘብ በመንግሥት ዕዳ ላይ አይመዘገብም። ዕዳ ላሰጠማት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድርጅቱ ለአዲስ ቧንቧና ጣቢያ በቢሊዮን ይበደራል፤ የመንግሥት መዝገብ ግን አይነካም። ስሌቱ እንዲሠራ ደንበኛ መኖር አለበት፤ ደንበኛ እንዲኖር ቢል መኖር አለበት፤ ቢል ፍትሐዊ እንዲመስል ቆጣሪ መኖር አለበት። አማካሪዎቹ የተቀጠሩት፣ የኮምፒውተር ሥርዓቱ የተገዛው፣ ወደ ግማሽ ቢሊዮን ዩሮ የሚያወጣው የቆጣሪ ተከላ የተጣደፈው ለዚህ ነው። የድርጅቱ ንድፍ የተጀመረው ከመዝገቡ ነው። ውሃው የሚንቆረቆርበት ቤት የመጣው በመጨረሻ ነው።

ሥራውን ለድርጅቱ ያስተላለፈው ሕግ የጸደቀበት መንገድም ያንን ጥድፊያ ይመስላል። የዲሴምበር 2013ቱ ሕግ ከገና በፊት በጥቂት ሰዓታት ክርክር በፓርላማው አለፈ፤ ተቃዋሚዎቹም አዳራሹን ጥለው ወጡ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ድርጅቱ ባለቤት ሆነ። ከአሥር ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያ የሬዲዮ ቃለ ምልልስ መጣ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆኖ፣ ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው በተጨማሪ እንደ ሥራ አፈጻጸማቸው ጉርሻ የሚያገኙበት ውል እንዳለ ተሰማ። ድርጅቱ ደንበኛ ሲመዘግብ የእያንዳንዱን ሰው የማኅበራዊ ዋስትና መለያ ቁጥር መጠየቁ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ፈጠረ። ሚኒስትሩም የማይከፍል ሰው ውሃው ጠብ ጠብ እስኪል ድረስ ግፊቱ እንደሚቀነስበት ተናገሩ። ለገዛ ዜጋ እንዲህ ማለት አይገባም ነበር። ያች ንግግር ከማንኛውም የተቃዋሚ መፈክር ይልቅ ሰው ወደ አደባባይ አውጥታለች።

ቆጣሪዎቹን ከተከሉት ድርጅቶች አንዱ፣ ቀደም ሲል በመንግሥት እጅ ከነበረ ባንክ ብዙ ዕዳው ተሰርዞለት ለአንድ ታዋቂ ባለሀብት የተሸጠ ኩባንያ አካል መሆኑ ሲወጣ ጥርጣሬው ሌላ መልክ ያዘ። ለሽያጩ መርማሪ ኮሚሽን የተቋቋመው በ2015 ነው፤ ሪፖርቱን ያቀረበው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ሪፖርቱ ሳይወጣ ግን ሰዉ የራሱን ፍርድ ሰጥቷል።

ቆጣሪ ተከላው እንዴት እንደነበር እስቲ በቅርበት እንየው። በአየርላንድ የከተማ ሰፈሮች ከእያንዳንዱ ቤት አጥር ውጪ፣ በእግረኛ መንገዱ ላይ፣ መዳፍ የምታህል ክዳን አለች። ከሥሯ ውሃውን መክፈቻና መዝጊያው አለ። የተቋራጩ ሠራተኞች አስፋልት መቁረጫ፣ ትንሽ ቁፋሮ ማሽንና የፕላስቲክ ሳጥን ይዘው በማለዳ ይመጣሉ። ዙሪያውን ይቆርጣሉ፣ ይቆፍራሉ፣ አሮጌውን አውጥተው ሳጥኑንና ቆጣሪውን ያስገባሉ፣ መልሰው ይደፍናሉ። ቆጣሪው በሬዲዮ ሞገድ ንባቡን ያስተላልፋል፤ አንባቢው በመኪና ሲያልፍ ይቀበለዋል። ሥራው ችግር ከሌለ በአጭር ጊዜ የሚያልቅ ነው። በ2014 ጸደይ ከኮርክ ከተማ ደቡባዊ ሰፈሮች ጀምሮ፣ ከዚያም በሰሜን ደብሊን እንደ ኢደንሞር ባሉ የሠራተኛ ሰፈሮች፣ ነዋሪዎች በማለዳ እየተነሡ ያች ክዳን ላይ መቆም ጀመሩ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ሰልፍ ወጥተው የማያውቁ እናቶችና ጡረተኞች ነበሩ። የተቋራጩ መኪና ወደ ሰፈሩ ሲታጠፍ ያየ በስልክ ይደውላል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ሻይ ያመጣል። አንድ ሰው ክዳኑ ላይ ከቆመ ቁፋሮው ይቆማል።

በኖቬምበር 2014 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተቃዋሚዎች ከሚተክሉት ሠራተኞች 20 ሜትር እንዲርቁ አዘዘ። ትእዛዙን በመጣስ በፌብሩዋሪ 2015 አምስት ሰዎች ታሰሩ፤ በቀጣዩ ወር በእስር ማዘዣው ላይ በተገኘ የሕግ ጉድለት ተፈቱ። ተቋራጮቹን በግል ክፉ ሰዎች አድርጎ መሳል ትክክል አይደለም። እነርሱም በችግሩ ዘመን ሥራ ያገኙ ሰዎች ነበሩ፤ ስድብና ግፊያ ደርሶባቸዋል። መንግሥት ሊያደርገው የሚገባውን የማስረዳት ሥራ በእነሱ አካፋ ላይ ጣለው።

ዋጋውን የወሰነው የኃይል ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ ነው። ለ1,000 ሊትር ለሚገባው ውሃና ለሚወጣው ፍሳሽ በአንድነት 4.88 ዩሮ፤ ለእያንዳንዱ ቤት በዓመት 30,000 ሊትር በነጻ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ተጨማሪ 21,000 ሊትር። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ያሉበት ቤት በዓመት 150,000 ሊትር ቢጠቀም፣ 72,000ው በነጻ ታስቦ ለቀሪው 78,000 ሊትር 380 ዩሮ ይደርስበታል። የመጀመሪያው ቢል ሳይወጣ ታሪፉ በአደባባይ ወደቀ። ኦክቶበር 11 ቀን 2014 «የውሃ መብት» የተባለው የሠራተኛ ማኅበራትና የግራ ፓርቲዎች ኅብረት የጠራው ሰልፍ የደብሊንን መሐል ከተማ ሞላው። በዚያው ሰሞን በደቡብ ምዕራብ ደብሊን በተደረገው የማሟያ ምርጫ ክፍያውን ጨርሶ አንክፈል የሚሉት ፖል መርፊ ያልተጠበቀ ድል አገኙ። ኖቬምበር 1 ከመቶ በላይ በሆኑ ከተሞች በአንድ ቀን ሰልፍ ተደረገ፤ ከ100,000 በላይ ሰው ወጣ። በኖቬምበር አጋማሽ ጆብስታውን በሚባለው ሰፈር ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሯ ጆአን በርተን መኪናቸው ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ተከበው ቆዩ። መርፊና ሌሎች አምስት ሰዎች በዚህ ምክንያት በሕገ ወጥ እገታ ተከሰው በ2017 ጁሪው ነጻ ለቀቃቸው። የዚያን ቀን በምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሯ ላይ የደረሰው ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ያ ክስ ግን ከመነሻው ከልኩ በላይ ነበር፤ ጁሪውም ያንን አይቷል።

መንግሥት ማፈግፈግ ጀመረ። አዲሱ ሚኒስትር አላን ኬሊ በኖቬምበር 19 ቀን የተሻሻለ ታሪፍ አመጡ፤ አንድ ጎልማሳ ላለበት ቤት 160፣ ከዚያ በላይ ላለበት 260 ዩሮ፣ ከዚህ አያልፍም። የመለያ ቁጥሩ ቀረ። ድርጅቱ ያለ ሕዝብ ድምፅ ወደ ግል እንደማይዞር በሕግ ተጻፈ። ለተመዘገበ ቤት ሁሉ ደግሞ «የውሃ ቁጠባ ድጋፍ» በሚል 100 ዩሮ እንዲሰጥ ተወሰነ። ይህ ድጋፍ የተሰጠው ለተመዘገበ ነው እንጂ ለከፈለ አይደለም። ስለዚህ ቢሉን ያልከፈለ ሰውም ተመዝግቦ 100 ዩሮ ይወስድ ነበር። ጣሪያ የተበጀለት ክፍያም በአብዛኛው ከቆጣሪው ንባብ ተለያየ፤ ጣሪያው ላይ ከደረሱ በኋላ ብዙ የሚጠቀምና ቆጥቦ የሚጠቀም እኩል ሆኑ። ቁጠባ የሚለው ምክንያት በዚያች ቀን ሞተ። ቆጣሪው ግን መተከሉን ቀጠለ፤ ከ800,000 በላይ ተተከለ።

ጁላይ 2015 ላይ የአውሮፓ የስታቲስቲክስ ቢሮ ፍርዱን ሰጠ። ድርጅቱ እንደ ንግድ ድርጅት ሊቆጠር አይችልም፤ ዕዳው የመንግሥት ዕዳ ነው። መንግሥት ጣሪያ አበጅቶ፣ ድጋፍ ሰጥቶ፣ ዋጋውን ራሱ እየወሰነ ድርጅቱ ነጻ ነጋዴ ነው ማለት አልተቻለም። በዚያው ወር ቢል ከደረሳቸው ደንበኞች የከፈሉት 43 በመቶ ብቻ መሆናቸው ታወቀ። ድርጅቱን በዚህ ቅርጽ ያቆመው ምክንያት ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ቅርጹ ግን ቀረ፤ ቁጣውም ቀረ።

የፍትሕ ጥያቄውን በአንድ ወገን ብቻ ማየት ግን አይገባም። በገጠር አየርላንድ የሕዝብ ቧንቧ ያልደረሳቸው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የውሃ ማኅበር ያቋቋሙ፣ ወይም የራሳቸውን ጉድጓድ ያስቆፈሩ ናቸው። እነርሱ ለውሃቸው ሁልጊዜም ከፍለዋል። ሱቅና ሆቴል ያለውም ይከፍላል። በሰልፉ ላይ «ውሃ መብት ነው» ሲባል የሰሙ የገጠር ሰዎች «የእኛስ?» ማለታቸው ተገቢ ነበር። ቆጣሪዎቹም ከንቱ አልነበሩም። ከየቤቱ አትክልት ሥር ለዓመታት ሳይታወቅ ሲፈስ የኖረ ውሃ የተገኘው በእነርሱ ነው፤ ድርጅቱም የመጀመሪያውን ጥገና በነጻ ሠርቷል። ብልህ መንግሥት ከዚህ ነበር የሚጀምረው። ቆጣሪውን ቢል ለማውጣት ሳይሆን የሚያፈስ ቧንቧ ለመፈለግ ተክሎ፣ አምስት ዓመት ሠርቶ፣ የሮስኮመን ሰው ውሃውን ሳያፈላ እንዲጠጣ አድርጎ፣ ያን ውጤት ይዞ ስለ ገንዘብ ቢያወራ ኖሮ ብዙ ሰው የሚሰማው ይመስለኛል። ይህን የምለው አይሪሾች ስለ ውሃ ግድ የላቸውም ብዬ አይደለም። ሰልፉ ራሱ ግድ ያላቸው መሆኑን ያሳያል።

በፌብሩዋሪ 2016 ምርጫ ሌበር ከ37 ወንበር ወደ 7 ወረደ። ፊን ጌል 50 ወንበር ይዞ ያለ ፊያና ፎል ፈቃድ መግዛት አልቻለም፤ ፊያና ፎልም ፈቃዱን የሰጠው ክፍያው እንዲታገድ በሚል ቅድመ ሁኔታ ነው። የባለሙያ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ከዚያ የፓርላማ ኮሚቴ ተቀመጠ፣ በኖቬምበር 2017 ክፍያውን የሚያስቀር ሕግ ተፈረመ። ወደ አንድ ሚሊዮን ለሚጠጉ ቤቶች 170 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ በቼክ ተመለሰ። የወሰዱት 100 ዩሮ አልተቀነሰባቸውም። በሕጉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ በዓመት ከ213,000 ሊትር በላይ የሚጠቀም ቤት ለትርፉ ይከፍላል ተባለ፤ ይህም በተደጋጋሚ እየተገፋ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ዋናው ርዕስ ከጋዜጣ ጠፋ። ውሃው ግን አልተፈወሰም። በኦክቶበር 2019 ከደብሊን ምዕራብ ባለው የሌክስሊፕ ጣቢያ ማጣሪያው ሲያቅተው የማስጠንቀቂያ ደወሉ ጮኸ፤ የሰማው አልነበረም፤ 600,000 ሰው ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ ተነገረው። በ2021 በጎሪ ከተማ ንጽሕናው ያልተጠበቀ ውሃ ወጥቶ ከ50 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ባሊሞር ዩስታስም በተመሳሳይ ሰሞን የክሪፕቶስፖሪዲየም መከላከያው ተበላሽቶ ውሃው ወደ ደብሊን ሄደ። በሁለቱም ቦታ ችግሩ ለሚመለከተው የተነገረው ዘግይቶ ነው። በ2014 ቢል ለማውጣት ሲዘጋጅ የነበረው ድርጅት ጣቢያዎቹን በቀጥታ የሚሠሩ ሠራተኞችን አልያዘም ነበር፤ ሠራተኞቹ በውል የምክር ቤቶቹ ነበሩና። የደንበኛ መመዝገቢያው በዓመት ውስጥ አልቆ፣ ማጣሪያውን የሚቆጣጠረው ሰው ማንን እንደሚታዘዝ ግን ስምንት ዓመት አልለየለትም። በጎ ነገርም አለ፤ የሚባክነው ውሃ በ2022 ወደ 37 በመቶ ወርዷል፤ ያልታከመ ፍሳሽ የሚለቁ ከተሞችም እየቀነሱ መጥተዋል። ይህ የሆነው ከግምጃ ቤት በሚመጣ ገንዘብ ነው። በጃንዋሪ 2023 ድርጅቱ ከጋዙ ኩባንያ ተለይቶ ኢሽካ ኤረን በሚል የአይሪሽ ስም ራሱን ቻለ።

ከሰልፎቹ ጥያቄዎች መሐል አንዱ ግን እስካሁን መልስ አላገኘም። ሕዝቡ የፈለገው ውሃው በሕዝብ እጅ እንደሚቆይ በሕገ መንግሥቱ እንዲጻፍ ነው። በእንግሊዝ በ1989 የውሃ ድርጅቶች ወደ ግል ሲዞሩ ጎረቤቶቻቸው ያዩትን አይተዋል፤ በተራ ሕግ የተጻፈ ዋስትናም በተራ ሕግ እንደሚሰረዝ ያውቃሉ። በኖቬምበር 2016 ፓርላማው ለዚህ የቀረበውን የማሻሻያ ሐሳብ ያለ ተቃውሞ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አሳለፈ፤ መንግሥታትም ሕዝበ ውሳኔ እንደሚያደርጉ ደጋግመው ተናገሩ። ከዚያ የሕግ ባለሙያዎች ስለ አንድ ዐረፍተ ነገር ተያዙ። የገጠሩ ማኅበር ቧንቧና የገበሬው ጉድጓድ የግል ንብረት ነው፤ ሐረጉ እነርሱንም እንዳይጠቀልል እንዴት ይጻፍ? ጥያቄው እውነተኛ ነው። የማይፈታ ግን አይደለም፤ በእነዚያ ዓመታት ከዚህ ያልቀለሉ ሐረጎች ተጽፈው ለድምፅ ቀርበዋል። የኖቬምበር 2024 ምርጫ ሲደርስ የውሃው ጥያቄ ገና ለሕዝብ አልቀረበም ነበር።